ሰርቨሩ በሕይወት አለ ወይ?



ዛሬ የምናወራበትን ዕቃ ተገልጋዩ ስሙን እንኳ አያውቀውም። የባንክ ደንበኛ መስኮት ጋ ደርሶ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊት ገጹ አልከፈት ብሎት ስልኩን ደጋግሞ ሲነካካ፣ ከጀርባ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

እንዲህ ባለው ቀን አንዳንዴ በእርግጥ ሰርቨር አንሶ ነው። አንዳንዴ ግን ሰርቨር ሞልቶ፣ የሞተውን ከሚሠራው የሚለይ ስለጠፋ ብቻ ሰው ወደ ሞተው እየተላከ ነው። የመጣሁት ስለዚህኛው ልናገር ነው። ሎድ ባላንሰር ጭነት የሚያከፋፍል ዕቃ ነው ይባላል፤ ልክ ነው። ማከፋፈሉ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይተክለዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚያለፋን፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን፣ «ከእነዚህ ሰርቨሮች ውስጥ በዚህች ሰከንድ መሥራት የሚችለው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ላይ የቆመውን ተራ አስከባሪ አስቡት። ሰልፉን ይዞ ተሳፋሪውን ወደ ሚኒባሶቹ ይልካል። ታክሲ መጨመር አይችልም፤ ያሉትን ነው የሚያዳርሰው። ደካማው ተራ አስከባሪ ሞተሩ የተነሳ ሚኒባስ ሁሉ የሚሄድ ይመስለዋል። ጎበዙ ግን ሾፌሩ መሪው ላይ መኖሩን፣ ጎማው አለመተንፈሱን አይቶ ነው «ግቡ!» የሚለው። ብዙዎቻችን የምንተክለው ሎድ ባላንሰር የሞተር ድምፅ ብቻ ሰምቶ ሰው የሚጭነውን ዓይነት ነው።

በመካከላችን ለሥራው አዲስ የሆነ ካለ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ተገልጋዩ የሚያውቀው አንድ አድራሻ ነው። በዚያ አድራሻ ላይ ሎድ ባላንሰሩ ይቀመጣል፤ ከኋላው ሦስት፣ አራት፣ ሲያስፈልግም አርባ ሰርቨር ይሰለፋል። ኮኔክሽን ሲመጣ ባላንሰሩ አንዱን መርጦ ያስተላልፋል። አመራረጡ ሁለት ደረጃ አለው። በአራተኛው ሌየር የሚሠራው፣ ኔትወርክ ሎድ ባላንሰር የምንለው፣ የሚያየው የአይፒ አድራሻንና ፖርትን ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው የባንክ ክፍያ ይሁን የሠርግ ቪዲዮ አይመለከተውም። ስለዚህም ፈጣን ነው። በሰባተኛው ሌየር የሚሠራው ግን የኤችቲቲፒውን ጥያቄ ገልጦ ያነባል፤ የትኛው ገጽ እንደተጠየቀ፣ ኩኪው ምን እንደሚል አይቶ ይወስናል። ብዙ ያውቃል፤ ለዚያም በሲፒዩ ይከፍላል።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኤንሲኤስኤ የተባለው ማዕከል የድረ ገጹ ጎብኚ ሲበዛበት ያደረገው፣ በዲኤንኤስ አማካይነት ለአንዱ ጠያቂ የዚህን ሰርቨር፣ ለሌላው የዚያን ሰርቨር አድራሻ እያፈራረቁ መስጠት ነበር። ብልሃቱ ዛሬም አለ፤ ጉድለቱም ዛሬም አለ። ዲኤንኤስ ሰርቨሩ መሞቱን አያውቅም፤ የሞተውን አድራሻ እንደ ልማዱ ማደሉን ይቀጥላል። በ1996 ሲስኮ ሎካልዳይሬክተርን፣ በ1997 ኤፍ ፋይቭ ቢግ አይፒን ይዘው ብቅ አሉ። እነዚህ ሳጥኖች ጥሩ ናቸው፤ ውድም ናቸው። በ1998 ቻይናዊው ዌንሶንግ ዣንግ የሊኑክስ ቨርቹዋል ሰርቨርን ጀመረ። በ2001 ደግሞ ፈረንሳዊው ዊሊ ታሮ ኤችኤፕሮክሲን ለሕዝብ ለቀቀ። ሁለቱም ነጻ ሶፍትዌሮች ናቸው። ዶላር ፍለጋ ወረፋ ለሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መካከለኛ አቅም ያላቸው ሁለት የሊኑክስ ማሽኖች በዚህ አዳራሽ ላለን ለአብዛኞቻችን ሥራ ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ግዙ የሚላችሁን ሻጭ ምክንያቱን በቁጥር ጠይቁት።

አሁን ወደ ተከላው እንግባ። ምሳሌዬ ኤችኤፕሮክሲ ነው። ኮንፊግሬሽኑ ሁለት ዋና ክፍል አለው፤ ተገልጋዩን የሚቀበለው ፍሮንትኤንድ፣ ሰርቨሮቹን የሚዘረዝረው ባክኤንድ። ባክኤንዱ ላይ በመጀመሪያ የምትወስኑት የምርጫውን ስልት ነው። ራውንድ ሮቢን በየተራ ያድላል፤ ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ክብደት ሲኖራቸው ደግ ነው። ሊስት ኮኔክሽን ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጥቂት ኮኔክሽን ላለው ሰርቨር ይሰጣል። ሁለተኛው ብልህ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። አንዱ ሰርቨር ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦበት፣ ለመጣለት ጥያቄ ሁሉ በሁለት ሚሊሰከንድ ውስጥ «ስህተት» እያለ መመለስ ጀመረ እንበል። ጤነኞቹ ሰርቨሮች አንዱን ጥያቄ ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ ጥቂት ኮኔክሽን ያለው ማን ነው? የታመመው! ስለዚህ ባላንሰሩ ከሁሉም አብልጦ ወደ እሱ ይልካል። ከአራት ሰርቨሮች አንዱ ሲታመም የሚበላሸው ሩብ ያህሉ ሥራ ነው ብላችሁ ስትጠብቁ፣ አብዛኛው ሥራ በአንዱ በሽተኛ በኩል ሲፈስ ታገኙታላችሁ። ስልቱ የተነደፈው ሰርቨሮቹ ሁሉ ጤነኛ መሆናቸው ተረጋግጧል በሚል ግምት ነው። ያንን የሚያረጋግጠው ሌላ ነው።

ሦስተኛው ስልት የተገልጋዩን አይፒ አድራሻ ተመልክቶ ያንኑ ሰው ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር መላክ ነው። ሎግኢን ያደረገ ሰው ሴሽኑ እንዳይጠፋበት ብለው ብዙዎች ይመርጡታል። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ጥሩ ነው፤ በእኛ አገር ግን ያስቸግራል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አብዛኛው ተገልጋያችን የሚገባው በሞባይል ኢንተርኔት ነው። የሞባይል ኦፕሬተሮች ደግሞ፣ የአይፒቪ4 አድራሻ በዓለም ዙሪያ ስላለቀ፣ ብዙ ደንበኛን በአንድ የአደባባይ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ለዚሁ አሠራር ተብሎ ከ100.64.0.0 የሚጀምር የአድራሻ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ተለይቶ ተመድቧል። እናም ለባላንሰሩ አንድ ሰው መስሎ የሚታየው አንድ አድራሻ፣ በእርግጥ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ሰርቨር ላይ ይወድቃል። የሲፒዩውን ግራፍ ስታዩ አንዱ ሰርቨር 95 በመቶ ላይ ሲያቃስት፣ ጎረቤቱ 10 በመቶ ላይ ተኝቷል። እኔ የምመክረው ሴሽኑን ከሰርቨሮቹ አውጥታችሁ ሁሉም በሚያዩት ቦታ፣ ለምሳሌ በሬዲስ፣ እንድታስቀምጡት ነው። ያን ጊዜ ሰውየው የትም ቢላክ ግድ አይሰጣችሁም። ፕሮግራሙ የሌላ ሰው ሆኖ መቀየር ካልቻላችሁ ደግሞ በሰባተኛው ሌየር በኩኪ ለዩት።

በአድራሻ መመደቡ የግድ ከሆነባችሁ፣ ቢያንስ ኮንሲስተንት ሃሺንግ የሚባለውን አብሩ። በተራው ሃሽ አራት ሰርቨር ወደ ሦስት ሲወርድ ሦስት አራተኛው ተገልጋይ ሰርቨሩ ይቀየርበታል፤ መቀየር የነበረበት የሞተው ሰርቨር ድርሻ፣ ሩቡ ብቻ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚጠቀምበትና በ2016 በጥናት ጽሑፍ ያሳወቀው ማግሌቭ የተባለው ባላንሰር የተሠራው ይህንኑ ችግር አስቦ ነው፤ አንዱ ማሽን ሲወድቅ የሌሎቹ ተገልጋዮች በተቻለ መጠን እንዳይነኩ።

አሁን ወደ ልቡ ደርሰናል፤ ሄልዝ ቼክ። እዚህ ላይ ብቆይባችሁ አትቀየሙኝ።

በኤችኤፕሮክሲ ውስጥ ከሰርቨሩ ስም ጎን «ቼክ» ብላችሁ ብቻ ብትተዉት፣ ባላንሰሩ የሚያደርገው ፖርቱ ላይ የቲሲፒ ኮኔክሽን ከፍቶ መዝጋት ነው። ከተከፈተ ሰርቨሩ ደህና ነው ይላል። ችግሩ ምንድን ነው? የቲሲፒውን ሃንድሼክ የሚፈጽመው የሊኑክስ ከርነል ነው፤ የእናንተ ፕሮግራም አይደለም። ፕሮግራሙ ደርቆ ቀርቶ፣ ሁሉም ትሬዶቹ ዳታቤዝ እየጠበቁ ተሰልፈው፣ አንድም ገጽ ማውጣት ሳይችል እንኳ፣ የመጠባበቂያ ሰልፉ እስኪሞላ ድረስ ከርነሉ በእሱ ስም «አቤት!» እያለ ይመልሳል። ባላንሰሩም አረንጓዴ መብራት ያበራል። ተቆጣጣሪው ስክሪኑን አይቶ «ሁሉም አፕ ነው፤ ችግሩ ከእኛ አይደለም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ እጁን ያውጣ።

ስለዚህ ፖርቱን ማንኳኳት ትታችሁ ገጽ ጠይቁ። ለጤና ምርመራ ብቻ የሚሆን አንድ አድራሻ ፕሮግራመሮቹ ይሥሩላችሁ፤ ባላንሰሩ በየጊዜው ይጠይቀው፤ 200 ከመለሰ ጤነኛ፣ ሌላ ከመለሰ ወይም ከዘገየ በሽተኛ። ይህ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። ሰው የማይስማማበት፣ «ያ ገጽ ምን ይመርምር?» የሚለው ነው።

አንዱ ወገን ምንም አይመርምር፤ «ደህና ነኝ» ይበል፤ ይበቃል ይላል። እንዲህ ያለው ገጽ የሚናገረው ፕሮግራሙ መነሳቱን ብቻ ነው። ሌላው ወገን ሁሉንም ይመርምር ይላል፤ ዳታቤዙን፣ የክፍያ ሲስተሙን፣ የኤስኤምኤስ መላኪያውን። ይህ ከመጀመሪያውም ይከፋል፤ ለምን እንደሆነ ተከተሉኝ። አራቱም ሰርቨሮች የሚጠቀሙት አንድ ዳታቤዝ ነው። ዳታቤዙ በአንድ ከባድ ሪፖርት ምክንያት ለአሥር ሰከንድ ዘገየ። የአራቱም የጤና ገጽ በአንድ ጊዜ «ታምሜያለሁ» አለ። ባላንሰሩ ታዛዥ ነው፤ አራቱንም አወጣ። የቀረ ሰርቨር የለም፤ ኤችኤፕሮክሲ ለመጣው ሁሉ 503 ይመልሳል። ለአሥር ሰከንድ ያህል መዘግየት ብቻ ሊሆን የሚችለው ነገር ሙሉ በሙሉ መቋረጥ ሆነ። ያውም ዳታቤዝ የማይነኩ ገጾች ሁሉ አብረው ጠፉ።

እኔ የምከተለው መመዘኛ ቀላል ነው። የጤና ገጹ መመለስ ያለበት «እኔ ብቻዬን ታምሜያለሁ ወይ?» የሚለውን ነው። የራሴ ዲስክ ሞልቷል ወይ? የኮኔክሽን ፑሌ አልቋል ወይ? ሥራ የሚቀበል ነጻ ትሬድ አለኝ ወይ? እኔ ብወጣ ጎረቤቴ የተሻለ ይሠራል ወይ? ሁላችንም እኩል የታመምን ከሆነ እኔን ማውጣት ለማንም አይጠቅምም፤ ያ ለሰው የሚደወልበት ማንቂያ እንጂ ባላንሰሩ የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ይህን ችግር ትልልቆቹም አይተውታል። የአማዞን ኔትወርክ ሎድ ባላንሰር ሰርቨሮቹ ሁሉ በሽተኛ ሆነው ከታዩት ምርመራውን ወደ ጎን ትቶ ለሁሉም መላክ ይጀምራል። ኤንቮይ የተባለው ፕሮክሲ ደግሞ ጤነኛው ከግማሽ በታች ከወረደ ምርመራውን ማመን ያቆማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሞቱ ከሚለው ይልቅ መርማሪው ተሳሳተ የሚለው የበለጠ ያስኬዳል ብለው ነው። ጥሩ ፍርድ ይመስለኛል።

ከዚያ ቁጥሮቹ ይመጣሉ። ኤችኤፕሮክሲ ካልተነገረው በቀር በየሁለት ሰከንዱ ይመረምራል፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የወደቀውን ያወጣል፤ የወጣውን ሁለት ጊዜ ካለፈ ይመልሳል። እስቲ እናስላው። በሰከንድ 1000 ጥያቄ የሚያስተናግዱ አራት ሰርቨሮች አሏችሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ 250 ይደርሳል። አንዱ ሞቶ እስኪወጣ እስከ ስድስት ሰከንድ ቢፈጅ 1500 ጥያቄ ወደ ሬሳ ተልኳል ማለት ነው። ፖርቱ ጨርሶ ከተዘጋ ባላንሰሩ ሌላ ሰርቨር ሊሞክር ይችላል፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ ዝም ካለ ግን ሰውየው ይጠብቃል። «እንግዲያው በአንድ ጊዜ ስህተት እናውጣው» ትሉኝ ይሆናል። አታድርጉት። የጃቫ ፕሮግራም ሜሞሪውን ሲያጸዳ ለሁለት ሰከንድ ቢቆም፣ ሰርቨሩ ይወጣል፤ ጭነቱ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፤ እነሱም ይደነግጣሉ፤ የወጣው ሲመለስ ሌላው ይወጣል። እንዲህ የሚወዛወዝ ሲስተም ከሞተው ይልቅ ለማከም ያስቸግራል።

ስለሚመለሰው ሰርቨርም አንድ ነገር ላንሳ። ሊስት ኮኔክሽን ከመረጣችሁ፣ ከሞት የተነሳው ሰርቨር ዜሮ ኮኔክሽን ስላለው ሁሉም ወደ እሱ ይጎርፋል፤ ካሹ ገና ባዶ ነው። ተመልሶ ይወድቃል። ስሎውስታርት የምትባለዋን መመሪያ ስጡትና ድርሻውን ለምሳሌ በ60 ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ ይረከብ።

ስለ አቅም ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ሦስት ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ላይ እየሠሩ ከሆነ፣ አለቃችሁ ደስ ይለዋል፤ ንብረቱ ሥራ ላይ ውሏል። አንዱ ሲሞት ግን ቀሪዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 120 በመቶ ሊሸከሙ ነው። አይችሉም፤ ተከታትለው ይወድቃሉ። ምርመራችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን እዚህ ላይ አያድናችሁም፤ እንዲያውም ያፋጥነዋል። ሦስት ሰርቨር ያለው ሰው ከ66 በመቶ፣ ሁለት ያለው ከ50 በመቶ በላይ ጭኖ መጠባበቂያ አለኝ ማለት አይችልም። ለዚያውም ይህ ጣሪያው ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎችን መጨናነቅ ማስላት ከጀመረ ወዲህ የምናውቀው ነገር አለ። በቀላሉ የሰልፍ ስሌት፣ አንድ ሰርቨር 50 በመቶ ሲያዝ የመልሱ ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ 80 በመቶ ላይ አምስት እጥፍ፣ 90 በመቶ ላይ አሥር እጥፍ። መጨረሻዋ ጥቂት በመቶ ላይ ነው ነገሩ የሚፈነዳው። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ሰርቨር ከፍተኛ የኮኔክሽን ጣሪያ አበጁለት የምለው፤ ትርፉ ባላንሰሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ። ውጤት በሚለቀቅበት ሌሊት 30 ሰከንድ ጠብቆ ውጤቱን የሚያይ ተማሪ፣ ሰርቨሩን ከሌሎች ጋር ተረባርቦ ከሚጥል ተማሪ ይሻላል።

እስካሁን ስለ ሰርቨሮቹ ጤና አወራን። ባላንሰሩ ራሱስ ቢሞት? አንድ ከሆነ ሁሉም ነገር አብሮት ይሞታል፤ ስለዚህ ሁለት እንተክላለን። ኪፕአላይቭድ የተባለው ፕሮግራም በሁለቱ መካከል አንድ ተንቀሳቃሽ አድራሻ ይይዛል። ዋናው በየሰከንዱ ወደ 224.0.0.18 «አለሁ» የሚል መልእክት ይልካል፤ ተጠባባቂው ለአራት ሰከንድ ገደማ ካልሰማ አድራሻውን ይረከባል፤ ለስዊቹም «ከእንግዲህ እኔ ነኝ» ብሎ ያሳውቃል። ይህ ቪአርአርፒ ይባላል፤ የፕሮቶኮል ቁጥሩ 112 ነው። ቁጥሩን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፋየርዎሉን የሚያጠብቅ ሰው ቲሲፒና ዩዲፒን ብቻ ፈቅዶ 112ን ከዘጋ፣ ተጠባባቂው ምንም አይሰማም፤ ዋናው ሞቷል ብሎ አድራሻውን ይይዛል። ዋናው ደግሞ አልሞተም። ሁለቱም «እኔ ነኝ» እያሉ አንዱ ተገልጋይ ይገባል፣ ሌላው አይገባም፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይገለበጣል። ይህን ብልሽት አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ሦስት ክፍሎች እርስ በርስ ሲካሰሱ ዋሉ። እዚህም ላይ ጥያቄው ያው ነው፤ ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም።

ሁለት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ኪፕአላይቭድ ማሽኑ መብራቱን ብቻ እንዳይመለከት፣ ኤችኤፕሮክሲው ራሱ መነሳቱን የሚፈትሽ ስክሪፕት ስጡት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ ወድቆ ማሽኑ ስለበራ ብቻ አድራሻው አይንቀሳቀስም። ተጠባባቂው ላይ ደግሞ «አይፒ ኖንሎካል ባይንድ» የምትባለዋን የከርነል ቅንብር አብሩ፤ አለዚያ ገና ያልያዘውን አድራሻ ላዳምጥ ሲል ኤችኤፕሮክሲው አልነሳም ይላል። ከዚህ ውጭ ያለው የጤናማ አእምሮ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ባላንሰር አንድ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ «ሪደንዳንት ነን» ማለት ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአገራችን ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ የኢንተርኔት መስመሩንም ከሁለት ቦታ መውሰድ ይቻላል፤ ሁለቱ ፋይበሮች ግን በአንድ የመንገድ ቁፋሮ አብረው የሚቆረጡ ከሆነ የከፈላችሁት ለሁለት ደረሰኝ ነው።

የዕለት ተዕለት አስተዳደሩን በፍጥነት ልለፈው። ሰርቨር ለጥገና ስታወጡ አትግደሉት፤ ድሬን አድርጉት። አዲስ ኮኔክሽን አይቀበልም፤ የጀመረውን ይጨርሳል። አማዞን ለዚህ በነባሪነት 300 ሰከንድ ይሰጣል። የኤስኤስኤል ሰርተፊኬት የሚያልቅበትን ቀን ካላንደር ላይ ሳይሆን ማንቂያ ላይ አስቀምጡ። የስታቲስቲክስ ገጹን ያለ ፓስዎርድ ለዓለም አትክፈቱ።

የተገልጋዩ አድራሻ ጉዳይ ግን ትንሽ ያስቆመኛል። እንደ ኤችኤፕሮክሲ ካለ ባላንሰር ጀርባ ያለ ፕሮግራም ጎብኚውን ሁሉ በአንድ አድራሻ፣ በባላንሰሩ አድራሻ፣ ነው የሚያየው። ፕሮግራሙ «ከአንድ አድራሻ አምስት ጊዜ የተሳሳተ ፓስዎርድ ከመጣ አግድ» የሚል ሕግ ካለው፣ አንድ ሰው አምስት ጊዜ ሲሳሳት አገር ሁሉ ይታገዳል። በኤችቲቲፒ ከሆነ ባላንሰሩ እውነተኛውን አድራሻ በሄደሩ ላይ እንዲጽፍ አድርጉ፤ በአራተኛው ሌየር ከሆነ ዊሊ ታሮ ራሱ የነደፈው ፕሮክሲ ፕሮቶኮል አለ። ሰርቨሮቹም ያን ሄደር ከባላንሰሩ ሲመጣ ብቻ ይመኑት፤ ማንም ሊጽፈው ይችላልና።

ታይምአውትም እንዲሁ። የአማዞን ኔትወርክ ሎድ ባላንሰር ካልቀየራችሁት ለ350 ሰከንድ ዝም ያለ የቲሲፒ ኮኔክሽንን ይረሳል። ሊኑክስ ደግሞ «አለህ ወይ?» የሚል የኪፕአላይቭ መልእክት የሚልከው፣ ካልተቀየረ፣ ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከምሳ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ የሚወድቀው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ሁለቱም ጫፎች ኮኔክሽኑ በሕይወት ያለ ይመስላቸዋል፤ በመካከል ያለው ግን ረስቶታል።

ሎጉንም አንብቡ። ኤችኤፕሮክሲ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በሰልፍ የቆየበትን፣ ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት የፈጀበትንና ሰርቨሩ መልስ እስኪሰጥ የጠበቀበትን ጊዜ ለይቶ በሚሊሰከንድ ይጽፋል። ኔትወርክ ክፍሉ «አፕሊኬሽኑ ነው»፣ አፕሊኬሽን ክፍሉ «ኔትወርኩ ነው» እያሉ ስብሰባ የሚቀመጡበት ቤት ብዙ ነው። ያች አንዷ የሎግ መስመር ከስብሰባው ትበልጣለች።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል። ይህን ሁሉ ተክላችሁ እንደሚሠራ በምን ታውቃላችሁ? በወረቀት አይታወቅም። ኔትፍሊክስ ኬኦስ መንኪ የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ የራሱን ሰርቨሮች በዘፈቀደ ያጠፋ ነበር፤ ያውም መሐንዲሶቹ ቢሮ ባሉበት በሥራ ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሮግራሙን ለሁሉም ክፍት አደረገው። እኛ ዘንድ የፍተሻ ሰዓት ከተባለ እሁድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው የሚመረጠው፤ ጭነት በሌለበት፣ ሰው በሌለበት። በዚያ ሰዓት የሚያልፍ ፈተና ስለ ሰኞ ጠዋት የሚናገረው ነገር የለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ቢሮ ስትመለሱ አለቃችሁን አስፈቅዱ። ፕሮግራመሮቹንም የዳታቤዙንም ሰው ጥሩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሥራ በሞቀበት፣ ከሰርቨሮቹ የአንዱን ፕሮግራም ሳትገድሉ አድርቁት፤ ሊኑክስ ላይ «ስቶፕ» የሚል ሲግናል ላኩለት። ፖርቱ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ፕሮግራሙ ግን አይመልስም። ከዚያ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ባላንሰሩ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ ቁጠሩና ጻፉት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ዋናውን ባላንሰር። ያገኛችሁትን ቁጥር ለአለቃችሁ ስጡ፤ ለሚቀጥለው በጀት የምትጠይቁት ሰርቨር ይኑር አይኑር የሚወስነው ያ ቁጥር ነው።